የሚለወጥ አድራሻ፣ የማይለወጥ ቁልፍ፦ ስለ ሠንጠረዥ ንድፍ አንድ አስተያየት

ኤድጋር ኮድ የተዛማጅ መረጃ ቋትን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ዋና ቁልፍ እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። ቁልፉ ከምን ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ያከራክራል።

በጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለሚገኙ የመንግሥት ቤቶች የተከራይ መዝገብ እንንደፍ እንበል። ቀላሉ ምርጫ የአስተዳደር እርከኑንና የቤት ቁጥሩን አጣምሮ ዋና ቁልፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን የከተማ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ ወዲህ የአዲስ አበባ አደረጃጀት ከከፍተኛና ቀበሌ ተነሥቶ ክፍለ ከተማና ወረዳ እስከ መባል ደርሷል። ሰፈሩ በነዋሪው አፍ ያው ጠመንጃ ያዥ ነው፤ የአስተዳደር መለያው ግን ተለዋውጧል። ዋና ቁልፍ ሲለወጥ የውልና የክፍያ ሠንጠረዦችም አብረው መታረም አለባቸው። እነዚህ በተለያዩ ሥርዓቶች ተይዘው አንዱ ከተዘለለ፣ ኪራዩን በወቅቱ የከፈለ ሰው ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ስምም መፍትሔ አይሆንም። እስከ አያት ስማቸው የሚመሳሰሉ ሰዎች አሉ፤ በአንጻሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የዲጂታል መታወቂያ፣ የፋይዳ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር፣ የተሻለ ይመስላል። ይሁንና ዋና ቁልፍ ባዶ ሊሆን ስለማይችል ገና ያልተመዘገበ ተከራይ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል፤ ሊጠበቅ የሚገባው ቁጥርም በየሠንጠረዡ ይበተናል።

ስለዚህ ዋና ቁልፉ ሥርዓቱ ራሱ የሚሰጠው፣ ትርጉም አልባ ቁጥር ይሁን። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንድ ቤት በሁለት ቁጥር ቢመዘገብ ሥርዓቱ ዝም ይላልና። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር በጥምር ልዩ ቁልፍ ይጠበቁ። የፋይዳ ቁጥርም በተከራዮች ሠንጠረዥ ብቻ፣ ባዶ መሆን የሚፈቀድለት ልዩ ቁልፍ ይሁን። ፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ባለ ዓምድ ብዙ ባዶ ረድፎችን ይቀበላል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን በተለመደው አሠራሩ አንድ ብቻ ስለሚፈቅድ ባዶዎቹን የሚያገል ማጣሪያ ይጨመርበታል።

ተጨማሪ ዓምድና ማውጫ ቦታ ይወስዳሉ የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ወረዳ በተለወጠ ቁጥር አንድ ረድፍ አርሞ ማለፍና የነዋሪውን የዓመታት ደረሰኝ እንደገና ማጣራት ዋጋቸው እኩል አይደለም።