ችፌ (ኤክዜማ) ምንድን ነው? ቅባት ከመግዛታችን በፊት እንወቀው

 

በእኛ በከላላና በመካነ ሰላም አካባቢ ቆዳው የሚያሳክከው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጓደኛው የተቀባውን ቅባት ስሙን ጠርቶ ይገዛል። በመስጂድ የምናገለግል ሰዎች ሌላም ነገር እናያለን። እጁ የተሰነጣጠቀ ወንድም ሰላምታ ሲቀርብለት እጁን ይደብቃል፤ ከጎኑ የቆመውም አንዳንዴ ፈቀቅ ይላል። የእኛ ሐሳብ ግልጽ ነው። የበሽታውን ማንነት ሳያውቁ ቅባት መግዛት ገንዘብንም ቆዳንም ይጎዳል። ችፌ ያለበትን ሰው መሸሽ ደግሞ በደል ነው፤ ምክንያቱም ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ቆዳ እንደ ቤት ግድግዳ ነው። ምርጊቱ ሲሰነጠቅ የውስጡ እርጥበት ይወጣል፣ የውጪው ነገር ይገባል። በችፌ የሆነው ይኸው ነው፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይቀላል (በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይጠቁራል)፣ ያሳክካል። ሲታከክ ይቆስላል፤ ሲቆስል ይበልጥ ያሳክካል።

ዋና ዋና ዓይነቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. አቶፒክ ችፌ፦ ብዙውን ጊዜ በሕፃንነት ይጀምራል። በሕፃናት ጉንጭ ላይ፣ ከፍ ሲሉ በክርን እጥፋትና ከጉልበት ኋላ ይወጣል። በዘር የመሄድ ጠባይ አለው፤ አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል።

2. የንክኪ ችፌ፦ ቆዳን ከሚያስቆጣ ነገር ይመጣል። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ የቀበቶ ዘለበትና የርካሽ ጌጥ ብረት ምሳሌ ናቸው። እህቶች ይህን ልብ በሉ፦ ለዒድና ለሰርግ የሚቀባው «ጥቁር ሂና» ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ እጅን አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

3. ቅባታማ ችፌ፦ በራስ ቅል ላይ እንደ ፎረፎር፣ በቅንድብና በአፍንጫ ዳር እንደ ቅርፊት ይታያል።

4. ውሃ ቋጣሪ ችፌ፦ በመዳፍ፣ በጣቶች ጎንና በውስጥ እግር ላይ በጣም የሚያሳክኩ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ያወጣል።

የሚያሳክክ ሁሉ ግን ችፌ አይደለም። ማታ ማታ የሚብስና የቤተሰቡን አባላት አንድ በአንድ የሚይዝ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ይተላለፋል፣ ቤተሰቡም በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ዳርና ዳሩ ጎላ ብሎ ክብ እየሠራ የሚሰፋ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ደግሞ በደጋው አገራችን የሚታወቀው ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ሦስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል ያለባቸው ቅባቶች ስቴሮይድ ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲወሰዱ ለችፌ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ጭርት ላይ ሲቀቡ ግን ማሳከኩን ደብቀው በሽታውን ያስፋፋሉ። ፊትን ለማቅላት ወራት ሙሉ የሚቀባቸው ሰው ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲያቆም ደግሞ ፊቱ ይቃጠላል። አላህ የሰጠንን መልክ በዚህ መንገድ ማበላሸት ምን ይባላል?

ሕክምናው ከቤት ይጀምራል። ለብ ባለ ውሃ በአጭሩ መታጠብ፣ ሽቶ የበዛበትን ሳሙና መተው፣ ቆዳን ሳይፈትጉ አድርቆ ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን በደንብ መቀባት። ይህ በሽታው በተነሳ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሳይሆን የየዕለት ልማድ መሆን አለበት። ጥፍርን ማሳጠርና ሱፍ ልብስን በቀጥታ ቆዳ ላይ አለመልበስም ይረዳል። ለፊትና ለሕፃናት ሐኪም ብዙ ጊዜ እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ደካማ ስቴሮይድ ያዛል። ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ ወይም ትኩሳት ካመጣ ጊዜ ሳይሰጡ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

«ታዲያ በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ እያደረግን እንዴት ይሆናል?» የሚል ወጣት አለ። ዉዱእ ሳሙና አይጠይቅም። ውሃውን ለብ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱን አካል ሦስት ጊዜ ማጠብ ሱና ነው፤ ግዴታው አንድ ጊዜ ማዳረስ ነው። ሲጨርሱ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ውሃ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ካለ ለሚቀጥለው ዉዱእ ይጠረጋል። ውሃ በሽታውን እንደሚያብስ ሐኪም ከነገረው ደግሞ ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 6 ለታመመ ሰው ተየሙምን ፈቅዷል፤ ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። ዲናችን ገር ነው፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል።

በአካባቢ ጤና ጣቢያ ካልተሻለ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ አለርት አለ። የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ችፌ ብዙ ጊዜ እየሄደ የሚመለስ በሽታ ነው። «በሳምንት ከሥሩ ነቅዬ አጠፋዋለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ኪሳችሁን ጠብቁ። ዘወትር የሚንከባከበው ሰው ግን ሠርቶ፣ ተምሮ፣ አግብቶ በሰላም ይኖራል። ለትዳር የታጨችን እህት በእጇ ችፌ ምክንያት የሚተው ቤተሰብም ይህን ይወቅ። ከነገው ሶላት ጀምሮ እጁን የሚደብቀውን ወንድም ቀድመን እጃችንን ዘርግተን እንሰላመተው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው። አሚን።