ጸሎታችንና ባልንጀራችን

በተማሪው መካከል ዘወትር የሚነሣ ክርክር አለ፤ ይኸውም ለክርስቲያን የሚበልጠው ጸሎት ነው ወይስ ችግረኛን መርዳት? የሚል ነው። አንዱ ወገን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ካደረስሁ የቀረው የዓለም ጉዳይ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሕዝብ ተርቦ ሳለ ዳዊት መድገም ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ይሣለቃል። እኛ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን።

ለዚህ ምስክራችን ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ አገሩን ረኀብ ይዞት አገኙ። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን ባዩ ጊዜ ማለፍ አልሆነላቸውም፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተ ዘመድ ነገሩን ባይቀበለው ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋራ ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስም የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ። ልብ እንበል፤ ከቤታቸው የወጡት ለጸሎት ነበር፤ አገልግሎቱን ያገኙት በጸሎቱ መንገድ ላይ ነው።

ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ የምንኖር ተማሪዎችም በየማለዳው ይህን መንገድ እናያለን። ነጠላውን ያጣፋ ምእመን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ በፎቁ በረንዳ ያደረ ልጅ ደግሞ ካርቶኑን ሲያጥፍ ጐን ለጐን ይተላለፋሉ። በወንጌሉ ምሳሌ ቍስለኛውን አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ጸሎት አላነሣቸውም፤ የጐደላቸው ቆም ማለት ነው።

ጸሎት የሌለበት አገልግሎትም ዕድሜው አጭር ነው፤ ምስጋና ሲቀርበት ይቀዘቅዛል። በየዕለቱ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም ሰው ግን እርሱ ራሱ ለማኝ መሆኑን ስለማይረሳ፣ በሚረዳው ሰው ላይ አይታበይም።

እንግዲህ ክርክሩን ትተን ወደ ሥራው እንምጣ። በመካከላችን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ፤ አንባቢ ሲያጡ ትምህርታቸው ይጓደላል። ጠዋት ጸሎቱን ያደረሰ ሁሉ በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ባልንጀራው ያንብብ። ጥናት በዝቶብናል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ፈተና ሲቃረብ ለስለት የሚሆን ጊዜ ያጣ ተማሪ እስከ ዛሬ አላየንም።