ኀዘንና ሕፃን

በአገራችን ሰው ሲሞት ዕድር ይጠራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል። ለዐዋቂው ኀዘንተኛ ይህን ያህል ሥርዓት ሲኖረው፣ ሕፃኑ ግን «እናትህ ሩቅ አገር ሄዳለች» ተብሎ ወደ ጎረቤት ቤት ይላካል። ልጁም በር በሩን እያየ ይጠብቃል።

ይህን ጉዳይ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ ብዙ ሰዎች ሞተው፣ በሺሕ የሚቆጠሩት ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች መጠለላቸው ይታወሳል። ለተፈናቃዮቹ እህልና ልብስ ተሰበሰበ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረው ዛሬ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ ያየውንና ያጣውን ማን አስረዳው?

አሜሪካዊው ደራሲና ሠዓሊ ቶሚ ዴፓውላ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ፣ አንድ ትንሽ ልጅ የ94 ዓመት ባልቴት የሆኑትን ቅድመ አያቱን ወዳጅ ያደርጋል፤ አብረው ተቀምጠው ከረሜላ ይበላሉ። አሮጊቷ ሲሞቱም እናቱ ሳትሸሽግ እውነቱን ትነግረዋለች። መጽሐፉ አስቀድሞ ወዳጅነቱን ስላሳየ፣ ሕፃኑ ኀዘን ከፍቅር የሚመጣ መሆኑን ይረዳል።

እንዲህ ያለው ወዳጅነት ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ የስንቱ ሕፃን አያት ነበሩ! በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በተረታቸው ያደጉ ሁሉ አዝነውላቸዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም በ1995 ዓ.ም. በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በመክፈት፣ ልጆቻችን መጽሐፍ ካገኙ የሚያነብቡ መሆናቸውን አሳይተዋል።

«ስለ ሞት የሚናገር መጽሐፍ ልጅን ያስደነግጣል» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ጥቁር ልብሱን አይቷል፤ ዋይታውንም ሰምቷል። ብንሸሽገው ኀዘኑ አይቀርለትም፤ ብቻውን እንዲያዝን እንፈርድበታለን እንጂ።

ስለዚህ እናንት ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ መጻፍ የምትችሉ ጻፉ፤ መሣል የምትችሉም ሣሉ። ቡራዩ ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገር ናትና መጽሐፉ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይታተም። ለድንኳንና ለወንበር የሚያዋጣ ዕድር አንድ ሁለት መጽሐፍ መግዛት አይከብደውም። ከሰልስት በኋላ እንግዳው ሲበተን፣ ከሰፈሩ ሽማግሌ አንዱ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው ያንብቡለት እንላለን።