“የስ” በለውና ግባ!

ነገሩ ከተፈጸመ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የአንድ የግል ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ “አንዲት አነስተኛ የሥራ ክርክር ነበረችን” ብሎ ስልክ ደወለልኝና ሄድኩ። ጉዳዩ ግን አነስተኛ አልነበረም። ስድስት ዓመት ያገለገለች አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ በአቅራቢዎች የክፍያ ዝርዝር ውስጥ የአንዱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሌላ ቁጥር ቀይራለች ተብላ ተከሳለች። ገንዘቡ አልወጣም፤ በማግስቱ ጠዋት ተደርሶበታል። ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ አንዲት ገጽ ወረቀት ተሰጠችኝ። ከሰርቨሩ መዝገብ የታተመች ናት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ላይ፣ በእርሷ መጠሪያና በእርሷ የይለፍ ቃል፣ ከርቀት ተገብቶ ቁጥሩ መለወጡን ትናገራለች።

ሥራ አስኪያጁ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያስችል የሕግ አስተያየት። “ስሟ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሌላ ምን ይቀራል?” አለኝ።

ልጅቷን ላነጋግራት ፈለግሁ። “ጋሼ፣ በዚያ ሰዓት ልጄን ታቅፌ ተኝቼ ነበር” አለችኝ። ይህን ደግሞ ማንም ተከሳሽ ይለዋል። እስቲ ከቤት ሆነሽ እንዴት እንደምትገቢ አሳዪኝ አልኳት። ላፕቶፑን ከፈተች፣ የሰርቨሩን አድራሻ ጻፈች። በዚህ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት አንድ መስኮት ብቅ አለ። መነጽሬን እስካስተካክል ድረስ ተጭናው አለፈች።

“ምን ነበር የሚለው?”

“እኔ እንጃ ጋሼ፤ ሁልጊዜ ይመጣል። ‘የስ’ በለውና ግባ ነው የተባልነው።”

እንደገና አስከፈትኳትና አነበብኩት። ወደ አማርኛ ሲመለስ ሐሳቡ፣ የዚህ የሩቅ ኮምፒውተር ማንነት ሊረጋገጥ አልቻለም፤ እንዲያም ሆኖ መገናኘት ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነው። የሕግ ሰው ነኝና “ማንነቱ ሊረጋገጥ አልቻለም” የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዛሬ ጽሑፌም ከዚያች ዓረፍተ ነገር የተወለደ ነው።

ማኅተሙን ራሱ የቀረጸ ሰው

ለመሆኑ ያ መስኮት ምን እያለ ነው? አንባቢዬ የኮምፒውተር ባለሙያ ላይሆን ይችላል፤ እኔም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁላችንም ከምናውቀው ከውክልና ሰነድ የራቀ አይደለም። አንድ ሰው “የእገሌ ወኪል ነኝ፣ ቤቱን ልሸጥልህ” ብሎ ቢመጣ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ውክልናው የት ተረጋገጠ የሚለውን ነው። ሰውዬው “እኔው ጽፌ፣ እኔው ፈርሜ፣ ማኅተሙንም እኔው አስቀርጬ መታሁበት” ቢለን ስቀን እናሰናብተዋለን። ሰነዱ ዋጋ የሚያገኘው ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ሦስተኛ አካል አይቶ ሲያረጋግጠው ነው።

በዊንዶውስ ሰርቨሮች ላይ “ሪሞት ዴስክቶፕ” የሚባለው ከርቀት መግቢያ እንዲሁ ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ “እኔ በእርግጥ የድርጅቱ ሰርቨር ነኝ” የሚል የማንነት ወረቀት ነው። ችግሩ፣ አንድ ባለሙያ ሌላ እስካላዘጋጀለት ድረስ ሰርቨሩ ይህን ወረቀት ለራሱ ጽፎ ለራሱ ይፈርማል። በዚያ ላይ ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ሰርቨሩ አዲስ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ “ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ” ብሎ ያመነ ሠራተኛ እንኳ ከመንፈቅ በኋላ ማስጠንቀቂያው ተመልሶ ይመጣበታል። እርሱም መጫን ይለምዳል። ልማድ ደግሞ ማንበብን ያስረሳል።

“ግንኙነቱ እኮ ኢንክሪፕትድ ነው፣ ምን ያስፈራል?” የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ የተመሰጠረ ነው። ጥያቄው በምስጢር የምናወራው ከማን ጋር ነው የሚለው ነው። በመሐል የገባ ሌባ ለሠራተኛዋ “ሰርቨሩ እኔ ነኝ” ካላት፣ እርሷም “የስ” ካለችው፣ የምታወራው ከሌባው ጋር ነው። ምስጠራው ከሌሎች ሰዎች ጆሮ ይከልላቸው ይሆናል፤ ከሌባው ግን አይከልላትም። የይለፍ ቃሏን ወይም በኋላ ተቀምጦ ሊሰብረው የሚችለውን የተመሰጠረ ቅርጹን በገዛ እጇ አስረክባዋለች። በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ሥራ መሥራት በለመድንበት ዘመን በመሐል መግባት ያን ያህል ሩቅ ነገር አይደለም።

ስድስት ዶላር

ይህ ሥጋት የፈረንጅ ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ ጥቂት እውነታዎችን ላስታውስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2005 አንድ ተመራማሪ፣ የማይክሮሶፍት የርቀት መግቢያ የሰርቨርን ማንነት ይፈርምበት የነበረው ምስጢራዊ ቁልፍ በየዊንዶውሱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ መቀመጡን ይፋ አደረገ። ቁልፉ በየቤቱ አንድ ከሆነ ቁልፍ አይባልም። በሰርተፊኬት ላይ የተመሠረተው አሠራር ወደ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

በ2016 ካስፐርስኪ የተባለው የደህንነት ኩባንያ “ኤክስዴዲክ” ስለሚባል ድብቅ ገበያ ዘገባ አወጣ። በገበያው በ173 አገሮች የሚገኙ ከ70 ሺህ በላይ ሰርቨሮች መግቢያ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። የአንዱ ዋጋ ከስድስት ዶላር ይጀምር ነበር። የአንድ ድርጅት ሙሉ መዝገብ ከአንድ ጥንድ ጫማ ባነሰ ዋጋ ማለት ነው። ገበያው በአሜሪካና በአውሮፓ የሕግ አስከባሪዎች የተዘጋው በጃንዋሪ 2019 ነው።

በማርች 2018 የአትላንታ ከተማ አስተዳደር “ሳምሳም” በተባለ ራንሰምዌር ተመታ፤ ነዋሪው ክፍያ በኢንተርኔት መፈጸም አቃተው፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮዎችም ተስተጓጎሉ። የተጠየቀው ቤዛ 51 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከተማዋ ለማገገም ያወጣችው ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። የሳምሳም ቡድን በብዙ ጥቃቶቹ ከሚጠቀምባቸው መግቢያዎች አንዱ ይኸው የርቀት በር እንደነበር የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት በማስጠንቀቂያቸው ገልጸዋል።

በሜይ 2019 ደግሞ “ብሉኪፕ” የተባለው ክፍተት ተገኘ። ማንነትም ሆነ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በዚሁ በር የሚያስገባ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቋረጠለት ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ ለማውጣት ተገደደ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ከእነዚህ ሁሉ ጥቃቶች ሰርተፊኬት ብቻውን የሚያስቆመው ጥቂቱን ነው። የይለፍ ቃል እየገመተ በር ለሚያንኳኳ ሰርተፊኬት መልስ አይሆንም። ማስተካከያ ላልተጫነበት ሰርቨርም አይደርስለትም። ሰርተፊኬት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “የገባሁበት ቤት የእኔ ቤት ነው ወይ?” የሚለውን።

አረጋጋጩስ ቢሰረቅ?

ሦስተኛው አካል ራሱ የሚታመን ካልሆነስ? ይህም ደርሷል። ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በ2011 ተሰብሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፊኬቶች በስሙ ወጡ፤ ከእነዚህም አንዱ ለጉግል የተሰጠ ነበር። በኢራን የሚገኙ የጂሜይል ተጠቃሚዎች በዚህ ሐሰተኛ ወረቀት ተሰልለዋል። ድርጅቱም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከሠረ። ይህ የሚያስተምረው መረጋገጥ ከንቱ መሆኑን አይደለም። ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ ዘወትር መጠየቅ እንዳለብን ነው። ዓለም የወሰደውም ትምህርት የወረቀቱን ዕድሜ ማሳጠር ነው። በኤፕሪል 2025 በተደረሰው ውሳኔ መሠረት በይፋ የሚታመኑ የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ ደረጃ በደረጃ እያጠረ በማርች 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል።

ሕጋችን ምን ይላል?

አሁን ወደ አገሬ ጉዳይ ልመለስ። ሕግ የለም የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጓል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለሰርተፊኬትና ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲን (የዛሬውን አስተዳደር) የሥርዓቱ ሥር አረጋጋጭ አድርጎታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከትሏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ተገቢውን የቴክኒክና የአስተዳደር ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ማንነቱ ባልተረጋገጠ በር የደንበኞችንና የሠራተኞችን መረጃ እያስገቡ እያስወጡ “ተገቢ ጥበቃ አድርጌያለሁ” ማለት ይቻላልን? እኔ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የማስረጃው ጉዳይ ነው። በ958/2008 ውስጥ፣ ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዛውር እንደሚችል የሚናገር ድንጋጌ አለ። ይህን ከዚያች አንዲት ገጽ ወረቀት ጋር አገናኙት። ወረቀቷ “በዚህ ስም ተገብቷል” ትላለች። ማን እንደገባ አትናገርም። ሸክሙ ቢዞር ግን ያቺ ልጅ ተኝታ እንደነበር በምን ታስረዳለች? ልጇን ትጥራ?

ይህ ነው ብዙዎቻችን ያልተረዳነው። ማስጠንቀቂያውን “የስ” ብላችሁ እለፉ ብሎ ያስተማረ ድርጅት፣ የይለፍ ቃል ሊሰረቅ የሚችልበትን መንገድ ከፍቶ ሲያበቃ፣ በዚያው የይለፍ ቃል የተፈጸመውን ሁሉ በሠራተኛው ላይ ያላክካል። ጥፋቱ የአሠራሩ ሆኖ ተጠያቂው ግለሰብ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል

“ይህ ሁሉ ውድ ነው” የሚል ምክንያት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ያነጋገርኳቸው ባለሙያዎች የሚሉት ሌላ ነው። የራስን የውስጥ ሰርተፊኬት ሰጪ ለማቋቋም የሚያስፈልገው አገልግሎት ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ኮምፒውተሮቹ በአንድ ዶሜይን ሥር ካሉ፣ የድርጅቱን ማኅተም ሁሉም እንዲያውቀው ማድረግ ከአንድ ቦታ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። በይፋ የሚታመን ሰርተፊኬት የሚፈልግም ቢሆን “ሌትስ ኢንክሪፕት” የተባለው ተቋም ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትጋት ነው፤ ሰርተፊኬቱ ከማለፉ በፊት የሚያድስ፣ ምስጢራዊ ቁልፉን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሰርቨሩ 3389 በተባለው በሩ በቀጥታ ለኢንተርኔት መጋለጥ የለበትም፤ በቪፒኤን ወይም በመግቢያ ሰርቨር በኩል ይሁን። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቅ። ማስተካከያ በወቅቱ ይጫን፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ማብቃቱንም ያላስተዋለ ያስተውል። በመጨረሻም ሰርተፊኬቱ በትክክል ከተተከለ በኋላ፣ የሰርቨሩ ማንነት ካልተረጋገጠ ግንኙነቱ ጨርሶ እንዳይፈጸም የሚከለክል ቅንብር አለ። “የስ” የሚለው ቁልፍ ራሱ ከሠራተኛው ፊት ይነሳል። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። ሰውን አንብብ እያሉ ከመገሠጽ፣ የማያነብበትን ፈተና ማንሳት ይሻላል።

ወደ ጀመርኩት ልመለስ። የድርጅቱ የአይቲ ባለሙያ ጨዋ ወጣት ነበር። ሰርቨሩ ለኢንተርኔት የተጋለጠ መሆኑን፣ ሰርተፊኬቱ በራሱ የተፈረመ መሆኑን፣ “የስ በሉት” ያለውም እርሱ መሆኑን አልካደም። “ጋሼ፣ ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው የሚሠራው” አለኝ። ከዚህ በኋላ የሰጠሁት አስተያየት አጭር ነበር። በዚያ ሌሊት የገባው ሰው ልጅቷ ልትሆን ትችላለች፤ የይለፍ ቃሏን የገመተ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በመሐል ገብቶ የሰረቀ ሰውም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ሦስቱን አይለያቸውም። ማሰናበቱ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለበት አሠሪ በዚህች ወረቀት ቢከራከር ይረታል።

ኩባንያው ክሱን አነሳ። ልጅቷ ግን ከሦስት ወር በኋላ ሥራዋን ለቀቀች። የምሳ ሰዓት ላይ ባልደረቦቿ ስትመጣ ጨዋታ ያቋርጡ እንደነበር ነገረችኝ። “ጋሼ፣ ክሱስ ተነሳ፤ እኔ አለመሆኔን ግን ማን አረጋገጠልኝ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማን እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ክቡራን አንባቢያን፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያ ቢጫ ምልክት ያለበት መስኮት ብቅ ቢል፣ ከመጫናችሁ በፊት አንብቡትና የአይቲ ክፍላችሁን ጠርታችሁ “ይህ ለምን ይመጣል?” በሉ። “የስ በለውና ግባ” ካሏችሁ፣ ትዕዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እኔ የማውቃቸው ጠበቆች ሁሉ ይህንኑ ይመክሯችኋል።

ቸር እንሰንብት።