አማካይ ገቢ የማንን ጓዳ ያሳያል?

ለሰፊው ሕዝብ ድጋፍ ሲደለደል በቅድሚያ መታወቅ የሚገባው የየአካባቢው ነዋሪ ተጨባጭ ኑሮ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ መለኪያው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። የአምስት ቤተሰቦች የወር ገቢ 2,000፣ 3,000፣ 4,000፣ 5,000 እና 86,000 ብር ቢሆን አማካዩ 20,000 ብር ይወጣል። ከአምስቱ አራቱ ይህን ገንዘብ በዓይናቸው አላዩትም! ገቢው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደር እመሐል የሚገኘው 4,000 ብር ነው፤ የሠርቶ አደሩን ጓዳ የሚያሳየን እርሱ ነው።

ችግሩ ይህን ቁጥር ለአንድ ቀበሌ ማግኘቱ ላይ ነው። አገር አቀፉ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የሚካሄደው በናሙና ስለሆነ ብዙውን ቀበሌ ጭራሽ አይነካም፤ የሚመዝነውም በዋናነት ገቢን ሳይሆን ወጪን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ኑሮ ከጣሪያው፣ ከውሃው፣ ከቤተሰቡ ብዛትና ትምህርት ጋር ያለውን ዝምድና ከናሙናው ያጠኑና፣ ያንኑ ዝምድና በሕዝብና ቤት ቆጠራው መዝገብ ላይ አውለው የየአካባቢውን ግምት ያሰላሉ። ዘዴው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በእጃችን ያለው የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው! ያን ጊዜ እርሻ የነበረው ዛሬ ሰፈር ሆኗል፤ ሰፈር የነበረውም ፈርሷል።

እንግዲህ የቀበሌ ማኅበራትና ሠራተኞች ግምት ሲቀርብላቸው፣ መነሻው የየትኛው ዓመት ቆጠራ ነው፣ የስሕተቱስ ወሰን ምን ያህል ነው ብለው ሊጠይቁ ይገባል። 4,000 ብር የተባለው ከ2,500 እስከ 5,500 ሊደርስ የሚችል ከሆነ፣ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ አንዱን ቀበሌ ከድጋፍ ሰርዞ ጎረቤቱን መመዝገብ በምን ሚዛን ይዳኛል? ወሰኑን ሰውሮ አንድ ቁጥር ብቻ የሚለጥፍ ጽሕፈት ቤት ቢኖር፣ ነዋሪው በተሰበሰበበት ቀርቦ ያስረዳ እንላለን።