የፈንጣጣ መጥፋት መታሰቢያ፦ የክትባትን ግኝት ለፍሬ ያበቃው አመራር

ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1980) የዓለም ጤና ጉባዔ የፈንጣጣ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱን በይፋ አወጀ። ለብዙ መቶ ዓመታት ሕፃን ከአዋቂ፣ ባለጸጋ ከድሃ ሳይለይ ሲገድል፣ ከሞት የተረፈውንም ዐይኑን ሲያጠፋና ፊቱን ሲያጠቃቅር የኖረው ይህ በሽታ፣ እስከ ዛሬ በሰው ልጅ ጥረት ፈጽሞ የጠፋ ብቸኛው የሰው ተላላፊ በሽታ ነው። ዕለቱ በሚታሰብበት ጊዜ ሁሉ ቀዳሚውን ምስጋና የሚያገኘው ክትባቱ ነው። ይሁን እንጂ የዘመቻው ታሪክ ሲመረመር፣ ግኝቱ ያለ ብቁ አመራር ብቻውን በቂ እንዳልነበረ ይገልጻል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጀነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ የወሰደውን የላም ፈንጣጣ ፈሳሽ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ በመከተብ ልጁ ፈንጣጣን እንደሚቋቋም አሳየ። ከዚያ በኋላ 171 ዓመታት አልፈው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የተጠናከረውን የማጥፋት ዘመቻ በጀመረበት በ1967 እ.ኤ.አ.፣ በዓለም ላይ በዓመት ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች በፈንጣጣ ይያዙ ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ወደሚያስፈልገው ሰው ግን አልደረሰም።

ይህን ክፍተት የዘጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሙቀትን የሚቋቋም ደረቅ ክትባትና ማንኛውም ሰው በአጭር ሥልጠና ሊጠቀምበት የሚችል ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ነው። ሁለተኛውና ወሳኙ የአሠራር ለውጥ ነው። ሐኪሙ ዊልያም ፌጊ በ1966 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ የክትባት እጥረት ሲያጋጥማቸው፣ ሕዝቡን በሙሉ ከመከተብ ይልቅ ሕመምተኞችን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያቸው ያሉትን መከተብ ሥርጭቱን እንደሚገታ አሳዩ። ዘመቻውን በዓለም ደረጃ የመሩት ዶናልድ ሄንደርሰንም ፍለጋን፣ ሪፖርትንና ወረርሽኝን መክበብን የሥራው ምሰሶ አደረጉ።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ዘመቻው በአገራችን በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በአገሪቱ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት የሚገድለው ጥቂቶችን ስለነበር፣ ከወባ ጋር ሲነጻጸር ቅድሚያ የሚሰጠው አልነበረም። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ስለነበር፣ የጤና ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ተራራና በረሃ ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው። የመስክ ሥራውን ካስተባበሩት መካከል ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ይጠቀሳሉ፤ ይሁንና ያለ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች፣ መንገድ መሪዎችና የአካባቢ ሽማግሌዎች ሥራው ባልተሳካ ነበር። የአገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ። ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ደግሞ በተፈጥሮ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻ ፈንጣጣ በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ታየ።

ለዚህ ትውልድ የሚገባው ክብር ስሙን ከመጥራት ያለፈ ነው። ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራምን በ1972 ዓ.ም. ጀምራ፣ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በየቀበሌው በማሠማራት አገልግሎቱን ወደ ቤተሰብ አቅርባለች። ሆኖም ኩፍኝ ዛሬም በተደጋጋሚ ወረርሽኝ እያስከተለ ነው። ኩፍኝ ከፈንጣጣ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ የሚዛመት በመሆኑ፣ ሕመምተኞችን ፈልጎ መክበብ ብቻውን አይገታውም፤ እያንዳንዱ ሕፃን ሁለቱንም ዙር ክትባት በወቅቱ ማግኘት ይኖርበታል። አንደኛውን ወስዶ ሁለተኛውን ያቋረጠ ሕፃን ለበሽታው የተተወ ክፍት በር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ ጠብቀው ቀጠሮ ማክበር፣ የጤና ባለሙያዎች ያቋረጡትን ፈልጎ መመለስ፣ በየደረጃው ያሉ አመራሮችም አንድ አጠራጣሪ ሕመምተኛ በታየ ጊዜ ሪፖርቱ ሳይዘገይ እንዲደርስ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ፈንጣጣን ያጠፋው በአንድ ቀን የተደረገ ግኝት ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ እስኪገኝ ድረስ ያልተቋረጠ ፍለጋ ነው። መታሰቢያው ትርጉም የሚኖረውም ያ ትጋት ዛሬ ሲቀጥል ነው።