የፓርላማው ወንበር የማን ነው?



በየስብሰባው የሚነሣ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ፓርላማ ዓባይ ማዶ፣ አዲስ አበባ ያለ ነገር ነው፤ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። አነጋገሩ ከቅሬታ የመጣ ስለሆነ ተናጋሪውን አንወቅስም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወንበር አንዱ በኛ ድምፅ የሚሞላ ነው። ወንበሩ ከየት እንደመጣና ዛሬ በሕግ የማን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ደግሞ ሊጠይቅበት አይችልም። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ሲታወጅ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ መኳንንቱና ሹማምንቱ መረጡ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው ተባለ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ባላገሩም ከተሜውም አልተጠየቀም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ተደርጎ 210 እንደራሴዎች ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። አከፋፈሉ እንዲህ ነበር፤ 200,000 ያህል ሕዝብ አንድ የምርጫ ወረዳ ሆኖ ሁለት እንደራሴ ይልካል። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ግን ለብቻው አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ 50,000 ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ያገኛል። ታዲያ እንደ ደጀን ያለች የመንገድ ዳር ከተማ በዚህ ሚዛን ለብቻዋ የምትቆጠር አልነበረችም።

ሌላም ነገር ነበረበት። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በዚያው ወረዳ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የቀን ሠራተኛው ድምፅ መስጠት ይችላል፤ መቀመጥ ግን አይችልም ማለት ነው። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየተደረገ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጊዜ ተካሄደ።

ያ ወንበር ከመራጩ ርቆ መቀመጡ ያመጣውን ጣጣ ጎጃም አይረሳውም። በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን አጸደቀ። ገበሬው «መሬቴ ሊለካ ነው፤ ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ሠጋ። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ተነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ልብ በሉ፤ የጎጃም እንደራሴዎች እኮ በፓርላማው ውስጥ ነበሩ! ግን ሕጉ ሲረቀቅ ገበሬውን ማንም አላማከረውም። ሕግ ሲወጣ ያልተጠየቀ ሕዝብ ሕጉ ደጁ ሲደርስ በሌላ መንገድ ይመልሳል። ያን ጊዜ የተከፈለው ዋጋ በንግግር ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ዋጋ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለ13 ዓመት ያህል ወንበሩ ጭራሽ አልነበረም። በዚያው ዓመት በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። ከተሜው ስለ ሠፈሩ የሚነጋገርበት ቤት አገኘ፤ ስለ አገሩ የሚነጋገርበት ወንበር ግን አልነበረውም። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ 835 መቀመጫ ተዘጋጀ። ዕጩዎቹ ግን በኢሠፓና በሕዝባዊ ድርጅቶች በኩል የሚቀርቡ ነበሩ። በፊት ንብረት ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ደሞ የፓርቲ ይሁንታ ተጠየቀ። ሸንጎውም በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አከተመ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንብረት መመዘኛ የለውም፤ የመራጩንም ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፈለች፤ ከነዚህም ለአማራ ክልል 138፣ ለአዲስ አበባ 23 ደረሱ። ከአንድ ክልል አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠም ያሸንፋል። በዚህ ዓይነት በ1987፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጓል። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባን 23 መቀመጫ በሙሉ ቅንጅት ወሰደ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። የመራጩ ቁጥር ሲበዛ ወንበሩ ወደ መራጩ ቀረበ ወይ? ይህን እያንዳንዱ ነዋሪ ለራሱ ይመልስ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የአዲስ አበባ እንደራሴ የሚሰማው የከተሜውን ጥያቄ ብቻ ነው። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። እኛ ከዓባይ በረሃ ቆላ እስከ ደጋው ካለው ገበሬ ጋር አንድ ላይ እንቆጠራለን፤ በቁጥርም ገጠሩ ይበልጠናል። ከተሜው ውሃ፣ መብራት፣ የቤት መሥሪያ ቦታ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃል። ገበሬው ማዳበሪያና የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል። ሁለቱ ለየብቻ ከጮኹ አንዱም አይሰማም። ይሁንና ገበሬው ጤፉን የሚሸጠው በኛ ገበያ ነው፤ እኛም የምንበላው የሱን ነው። ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩት እዚሁ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ የሁለታችንም ጎተራ ይጎድላል። ስለሆነም ጥያቄያችንን ከገጠር ቀበሌዎች ጋር ተማክረን አንድ ማድረግ ይገባናል።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ነው ይላል። የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደራሴ በሕግ መሠረት ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም አንድ ወር ሊያርፍ ይችላል። እንግዲህ ማንም ይመረጥ ማን፣ ክረምቱ ወደ መራጩ የሚመጣበት ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደራሴዎች ዓርብ ወይም ቅዳሜ በመረጣቸው ከተማ ተቀምጠው የሰውን ችግር አንድ በአንድ መስማት ልማድ አድርገውታል። እኛ ሳምንት በሳምንት አላልንም፤ በክረምት አንድ ቀን ግን አይበዛም።

ነገሩ የቧንቧና የመብራት ብቻ እንዳልሆነም አይተናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በነሐሴ ያጸደቀው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ያራዘመው ይኸው ምክር ቤት ነው። በነዚያ ቀኖች ከኛ ወንበር የወጣው ድምፅ ምን እንደነበረና ለምን እንደሆነ መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ የመራጭ መብት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል። እያንዳንዱ ነዋሪ ዋነኛ ነው የሚለውን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ፤ መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች በቃል ይንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። የተሰበሰበው ከገጠር ጎረቤቶቻችን ጥያቄ ጋር ተጣምሮ ከሰኔ 30 በፊት በአንድ ደብዳቤ ይዘጋጅ። እንደራሴው ሲመጣ ደብዳቤው በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ የሰጠው መልስም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ከዚያ መልስ ይጀምራል።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። በንብረት የተለካውም፣ በፓርቲ የታደለውም ወንበር አልፏል። የዛሬው በሕግ የኛ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ጽሑፉን እውነት የሚያደርገው ግን ጠያቂ ሲኖር ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ